ሰንጠረዥ፦ የቤተ መንግሥቱ ቼዝ ከልብነ ድንግል እስከ ዘመናችን

ሰንጠረዥ በኢትዮጵያ ነገሥታትና መኳንንት ዘንድ ቢያንስ ለአራት መቶ ዓመታት የኖረ የቼዝ ዓይነት ነው። ዛሬ በዓለም ውድድሮች ከሚታየው ቼዝ ጋር አንድ አያት አለው፤ ስድሳ አራት ቤት፣ ለያንዳንዱ ወገን አሥራ ስድስት ጠጠር፣ ሊታፈን የሚፈለግ አንድ ንጉሥ። ከዚህ ያለፈው ግን የየራሳቸው ነው። በተለይ የሰንጠረዥ አጀማመር በሌላ አገር ቼዝ የማይታይ ነው፤ ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ፣ በአንድ ጊዜ፣ እጃቸው በቻለው ፍጥነት ጠጠሮቻቸውን ያሰልፋሉ። ይህ ክፍል ወረራ ይባላል።

የቼዝ ቤተሰብ መነሻ ሕንድ ናት። በስድስተኛው ምዕተ ዓመት ገደማ ከዚያ ወደ ፋርስ ገባ፤ ዐረቦች ፋርስን ከያዙ በኋላ ደግሞ በእስልምናው ዓለም ሁሉ ተሰራጨ። በዘጠነኛውና በአሥረኛው ምዕተ ዓመት በባግዳድ ከሊፋዎች ፊት የሚጫወቱ፣ ስለ ጨዋታውም መጽሐፍ የሚጽፉ ሊቃውንት ነበሩ። በምዕራብ በኩል ስፔንና ጣልያን ደረሰ፤ በደቡብ በኩል ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ወደ ኢትዮጵያ ገባ። የኢትዮጵያ ተጫዋቾች ፈርዝና ፊል የሚሏቸው ጠጠሮች በፋርስና በዐረቡ ዓለምም የሚጠሩት በዚሁ ስም ስለሆነ ጨዋታው የመጣበት አቅጣጫ ብዙ አያከራክርም።

ጨዋታው በኢትዮጵያ ቤተ መንግሥት ውስጥ ከሚታይባቸው ቀደምት ወሬዎች አንዱ ከዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን የተገኘ ነው። ልብነ ድንግል እ.ኤ.አ. ከ1508 እስከ 1540 ነገሡ። ቤተ መንግሥታቸው እንደ ቀደምቶቻቸው ሁሉ ከቦታ ቦታ የሚዘዋወር የድንኳን ከተማ ነበር፤ በ1520 የደረሰው የፖርቱጋል መልእክተኛ ጓድም ንጉሡን ያገኘው በዚሁ ሰፈር ነው። ከዚያው ዘመን የተላለፈ የቬኒስ ሰዎች ወሬ ቢቺኒ የተባለ ቬኒሳዊ ሠዓሊ ከንጉሡ ጋር ቼዝ ይጫወት እንደነበር ይነግራል። ነገሩ ትንሽ ቢመስልም ወቅቱ ልብ ሊባል ይገባል። ቢቺኒ በመጣበት በጣልያን ቼዝ ገና መልኩን መለወጡ ነበር፤ በአሥራ አምስተኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ በስፔንና በጣልያን የንጉሡ ጎረቤት የሆነችው ደካማ ጠጠር ንግሥት ተብላ በሰሌዳው ላይ ከሁሉ የበረታች ሆናለች፤ ፊሉም ሰያፉን መስመር እስከ ጫፍ የሚጋልብ ጳጳስ ሆኗል። ኢትዮጵያውያን ግን በቀድሞው ሕግ ጸንተው ቀሩ። ሠዓሊው ከንጉሡ ፊት ሲቀመጥ አዲሱን ልማድ አስቀምጦ የቤቱን ሕግ መቀበል ሳይኖርበት አይቀርም፤ ከንጉሥ ጋር የሚጫወት እንግዳ ሕግ አያወጣምና።

ከ1529 ጀምሮ የኢማም አሕመድ ጦርነት አገሪቱን አናወጠ፤ ልብነ ድንግልም እየተሰደዱ በ1540 ደብረ ዳሞ ላይ ሞቱ። ቀጥሎ የመጣው የጎንደር ዘመን ለሥዕልና ለሕንፃ ብዙ የተጻፈለት ነው። ስለ ሰንጠረዥ ግን ጥሩ ምስክር የሚገኘው ነገሥታቱ ኃይላቸውን አጥተው መሳፍንቱ አገሩን በተካፈሉበት በዘመነ መሳፍንት ነው።

በአሥራ ዘጠነኛው ምዕተ ዓመት መባቻ የትግራይ ገዥ የነበሩት ራስ ወልደ ሥላሴ መቀመጫቸውን እንደርታ ውስጥ አንጣሎና ጨለቆት ላይ አድርገው ነበር። እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት በ1805 እና በ1810 ሁለት ጊዜ ጎብኝቷቸዋል። ራስ ወልደ ሥላሴ ከሹማምንታቸው ጋር ሰንጠረዥ ሲጫወቱ አይቶ ጽፏል። ጠጠሮቹ ከዝሆን ጥርስ የተሠሩ፣ ትልልቅና ሥራቸው ያልተዋበ ነበሩ። ይበልጥ የገረመው ግን አበላላቸው ነው፤ ተጫዋቹ የባላጋራውን ጠጠር ሲበላ ቀስ ብሎ አያነሣውም፤ በራሱ ጠጠር በኃይል መትቶ ከቦታው ያስፈነጥረዋል። ጨዋታው ከአውሮፓው በብዙ ነገር እንደሚለይም ሶልት አልሳተውም። ከእሱ ጋር መጥቶ በዚያው የቀረው ናትናኤል ፒርስም በትግራይ እስከ 1818 ኖሯል። ራስ ወልደ ሥላሴ በ1816 ሞቱ።

የዝሆን ጥርሱና ምቱ አንድ ላይ የሚናገሩት ነገር አለ። ሰንጠረዥ በዝምታ የሚያስቡበት የብቸኞች ጨዋታ አልነበረም። ባለቤቱ መኰንን ነው፤ ዙሪያውን የከበቡት ሎሌዎችና ባለሟሎች ያያሉ፣ ይመክራሉ፣ ይፎክራሉ፣ ይተራረባሉ። በአውሮፓ የቼዝ ክበብ ተመልካች ቃል ከተነፈሰ ነውር ነው፤ በዚህ ደግሞ ዝም ያለ ተመልካች የለም።

የጨዋታውን ሕግ በዝርዝር ለትውልድ ያቆየው ሌላው እንግሊዛዊ ዋልተር ፕላውደን ነው። ፕላውደን በ1843 ከጆን ቤል ጋር ወደ ኢትዮጵያ መጣ፤ በ1848 የእንግሊዝ ቆንስል ሆኖ ተሾመ፤ በቀጣዩ ዓመትም ከየጁው ገዥ ከራስ አሊ ጋር የወዳጅነት ውል ተዋዋለ። በመሳፍንቱ ሰፈር የኖረ፣ ልማዱን ከውስጥ ያየ ሰው ስለነበር ስለ ሰንጠረዥ የጻፈው እንደ አላፊ መንገደኛ አይደለም።

ሰሌዳው ብዙ ጊዜ ከእንጨት አይሠራም። ቀይ ጨርቅ ይነጠፋል፤ በላዩ ላይ ጥቁር ወይም ሰማያዊ ጥብጣብ በቁመትና በአግድም ይሰፋና ስድሳ አራቱ ቤቶች ይወጣሉ። ቤቶቹ እንደ ዛሬው ነጭና ጥቁር ተብለው አይለዩም። ጨርቅ መሆኑ ከሰፈር ሰፈር ለሚዘዋወር ጌታ ይመቻል፤ ተጠቅልሎ በበቅሎ ይጫናል።

እያንዳንዱ ወገን ንጉሥ፣ ፈርዝ፣ ሁለት ፊል፣ ሁለት ፈረስ፣ ሁለት ደርና ስምንት መደቅ አለው። ንጉሡ ከመካከሉ መስመር በስተቀኝ፣ ፈርዙ በስተግራ ይቆማሉ፤ ስለዚህ የያንዳንዱ ንጉሥ ፊት ለፊት የባላጋራው ፈርዝ ነው፤ በዛሬው ቼዝ ሁለቱ ነገሥታት ፊት ለፊት እንደሚተያዩት አይደለም። ንጉሡ ወደየትኛውም ወገን አንድ ቤት ይሄዳል። ፈርዙ በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ይራመዳል። ደርና ፈረስ እንደ ዛሬው ግንብና ፈረስ ናቸው፤ በሰሌዳው ላይ ከሁሉ የበረታው ጠጠርም ደር ነው። መደቅ ወደ ፊት አንድ ቤት ይሄዳል፤ ሲበላ በሰያፍ ነው፤ መጀመሪያ ላይ ሁለት ቤት የመዝለል መብት የለውም፤ ጫፍ ሲደርስም ፈርዝ ይሆናል እንጂ ሌላ አይሆንም። ፊሉ ለዘመናችን ተጫዋች እንግዳ ነው። በሰያፍ ወደ ሁለተኛው ቤት ይሄዳል፤ በመካከል የቆመ ጠጠር ቢኖር ዘልሎት ያልፋል፤ ከአጠገቡ ያለውን ግን ሊነካ አይችልም። በዚህ የተነሣ አንድ ፊል ዕድሜውን በሙሉ ቢዘል መነሻውን ጨምሮ ከስምንት ቤት በላይ አይረግጥም።

እንዲህ ያሉ ደካማ ጠጠሮች የሞሉበት ጨዋታ አንድ ችግር አለበት፤ አጀማመሩ አዝጋሚ ነው። መደቆች አንድ አንድ እያሉ፣ ፈርዝ አንድ አንድ እያለ ሠራዊቱ እስኪገናኝ ድረስ ብዙ ተራ ያልፋል። ይህ ችግር የሁሉም ነበር፤ መፍትሔው ግን በየአገሩ የተለያየ ሆነ። የዐረብ ሊቃውንት አስቀድመው የታወቁ አሰላለፎችን አዘጋጁ፤ ተጫዋቾቹ የወደዱትን መርጠው ከዚያ ይጀምራሉ። አውሮፓውያን ጠጠሮቹን አጠነከሩ፤ ንግሥትንና ጳጳስን ረጅም መንገደኛ አደረጓቸው፣ መደቁም በመጀመሪያ እርምጃው ሁለት ቤት እንዲሄድ ፈቀዱ። ኢትዮጵያውያን ጠጠሮቹን ሳይነኩ ተራውን ሰረዙት።

ወረራ የሚሠራው እንዲህ ነው። ጠጠሮቹ ከተደረደሩ በኋላ ሁለቱም ተጫዋቾች በአንድ ጊዜ ማንቀሳቀስ ይጀምራሉ። ማን ስንት ጊዜ እንዳንቀሳቀሰ የሚቆጥር የለም። አንዱ ሦስት ሲያንቀሳቅስ ሌላው አምስት ቢያደርግ ክርክር አይነሣም። ይህ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ይቀጥላል። አንዱ የሌላውን ጠጠር መትቶ ሲያነሣ ወረራው ያበቃል፤ ከዚያ በኋላ ጨዋታው ተራ በተራ ይሆናል።

ለማያውቀው ሰው ይህ የልጆች ሽሚያ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ፍጥነት ብቻውን አይጠቅምም። ብልኅ ተጫዋች እጁ የራሱን ጠጠር ሲያስኬድ ዓይኑ ከባላጋራው አሰላለፍ አይነቀልም። ባላጋራው ፈረሶቹን ወደ ግራ ሲሰበስብ ያየ እንደሆነ የራሱን መደቆች ወደዚያው ይገፋል፤ ያኛውም ይህን አይቶ ሐሳቡን ይለውጣል፤ የሄደውን ጠጠር መልሶ ሌላ ቦታ ያቆማል። ከሁሉ የሚከብደው ወረራውን መቼ ማቆም እንደሚገባ ማወቅ ነው። የመጀመሪያውን ጠጠር የሚበላው ሰው የጨዋታውን ሰዓት ይወስናል፤ ገና ሳይዘጋጅ ከበላ ራሱን ይጎዳል፤ ብዙ ከጠበቀ ደግሞ ያ ዕድል ለባላጋራው ይሆናል። በጨርቅ ላይ የሚታየው ይህ ነገር በዚያ ዘመን መሳፍንቱ በሜዳ ከሚያደርጉት እምብዛም አይርቅም። ሠራዊት ከሠራዊት ጋር ለሳምንታት ተያይቶ ይሰፍራል፤ አንዱ ወንዝ ይሻገራል፣ ሌላው ኮረብታ ይይዛል፤ ተራ የሚባል ነገር የለም፤ የመጀመሪያው ጥይት እስኪተኮስ ድረስ ሁሉም አሰላለፍ ነው።

ማሸነፍም የራሱ ክብር ነበረው። የባላጋራውን ንጉሥ መውጫ ማሳጣት ብቻውን አይበቃም፤ በምን እንዳሳጣው ይታያል። በደር ወይም በፈረስ ማፈን ከባድ ክንድ ያለው ሁሉ የሚያደርገው ስለሆነ ብዙ አያስመሰግንም። በፊል ወይም በፈርዝ ማፈን የተሻለ ነው። መደቆችን አስተባብሮ ንጉሥን ማፈን ደግሞ የጨዋታው ጌጥ ነው፤ ተራ እግረኛ ንጉሥ ማረከ ማለት ነውና ተመልካቹ ይፈነድቃል። ስለዚህ ጎበዝ ተጫዋች ማሸነፉን ካረጋገጠ በኋላም ይደክማል፤ በደሩ ቶሎ መጨረስ እየቻለ መደቆቹን ቀስ በቀስ ያቀርባል።

ጠጠሮቹን ላጣ ወገን የተጠበቀ መብትም ነበር። ጠጠሮቹ ሁሉ ተበልተውበት ብቻውን የቀረ ንጉሥ አይታፈንም፤ ጨዋታው ያለ አሸናፊ ያበቃል። ከንጉሡ ጋር አንድ ጠጠር ብቻ ሲቀር ደግሞ ባላጋራው ያቺ ጠጠር ሰባት ጊዜ እስክትንቀሳቀስ ድረስ ማፈን አለበት፤ ካልቻለ ዕድሉ ያልፋል። በዐረቦቹ ሕግ ባዶውን የቀረ ንጉሥ ተሸናፊ ነው፤ በኢትዮጵያው ግን ያስመልጠዋል። ልዩነቱ የጨዋታውን አካሄድ በሙሉ ይለውጣል። ሆዳም ሆኖ ያገኘውን ሁሉ የሚበላ ተጫዋች ድሉን በእጁ ያጠፋል። የጠላትን ሠራዊት በሚገባው መጠን ብቻ መቀነስ፣ ንጉሡን ለማፈን እስኪደርሱ ድረስ አንዳንዱን ሆን ብሎ መተው ያስፈልጋል።

ፕላውደን ይህን ሁሉ ጽፎ ሲተው ዘመነ መሳፍንት አብቅቶ ዐፄ ቴዎድሮስ በ1855 ነግሠው ነበር። በ1860 ጎንደር አጠገብ በሽፍቶች እጅ ወድቆ ቆሰለ፤ ብዙም ሳይቆይ ሞተ። ጽሑፉን ወንድሙ አሰናድቶ ያሳተመው በ1868፣ መቅደላ በወደቀችበት ዓመት ነው። እንግሊዝ ስለ ኢትዮጵያ ማንኛውንም ነገር ለማንበብ በጓጓችበት ሰሞን በመውጣቱ ስለ ሰንጠረዥ የጻፈው ክፍል የቼዝ ታሪክ አጥኚዎች እጅ ገባ።

ከዚያ በኋላ የአገሪቱ ኃይል ወደ ሸዋ አዘነበለ። ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ መጀመሪያ ቤተ መንግሥታቸውን እንጦጦ ላይ አደረጉ። ከዚያ ተራራ ጀርባ የሱሉልታ ሜዳ ይዘረጋል፤ ከፊት ለፊት ፍል ውሃ ይታያል። በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ስትቆረቆር ሰፈሩ ቁልቁል ወረደ፤ ከጎጃምና ከሰላሌ በሱሉልታ፣ ከወለጋ በቡራዩ፣ ከጅማ በኩል በሰበታ የሚመጣው መኰንን ሁሉ እየተጠራ የሚከትምባት ከተማ ሆነች። እንዲህ ያለ ከተማ ለሰንጠረዥ ምቹ ነው። ግብር አስገብቶ፣ ጉዳዩ እስኪታይለት ሳምንትና ወር የሚጠብቅ የየአገሩ ጌታ ጊዜ አለው፤ ባላጋራም አያጣም።

በምኒልክ ቤተ መንግሥት ስማቸው ከሰንጠረዥ ጋር የሚነሣው እቴጌ ጣይቱ ናቸው። ጣይቱ ግዕዝ የተማሩ፣ በገና የሚደረድሩ፣ ሰንጠረዥም የሚጫወቱ እንደነበሩ ይነገራል። ከሴት ወይዘሮ የሚጠበቀው በዚያ ዘመን ምን እንደሆነ ለሚያውቅ ይህ ተራ ነገር አይደለም። ጨዋታው የወንዶቹ የጦር ትምህርት ተደርጎ ቢታይም የቤተ መንግሥት ሴቶች ከሰሌዳው አልራቁም ማለት ነው። ጣይቱ ባላቸው በጠና ከታመሙ በኋላ በ1910 ከሥልጣን ተገለሉ፤ ኋላም እንጦጦ ማርያም ተቀመጡ፤ በ1918 እዚያው አረፉ።

ሁለት ምሁራን ጨዋታውን በሕይወት እያለ የመዘገቡት በዚሁ ሰሞን ነው። ፈረንሳዊው የቋንቋ ሊቅ ማርሴል ኮኸን በ1910 እና በ1911 በኢትዮጵያ ቆይቶ ስለ አገሪቱ ጨዋታዎች ጻፈ፤ ሰንጠረዥም ገበጣም በጽሑፉ አሉበት። ሃሮልድ መሪ የተባለው እንግሊዛዊ ደግሞ በ1913 ባሳተመው ትልቅ የቼዝ ታሪክ መጽሐፍ ውስጥ ሰንጠረዥን ከሕንድ፣ ከፋርስ፣ ከቻይናና ከጃፓን ጨዋታዎች ጋር አሰልፎ ቦታ ሰጠው። ከገበጣ ጋር ያለው ልዩነት እዚህ ላይ ጎልቶ ይታያል። ገበጣ በእረኛውም በገበሬውም ዘንድ አለ፤ መሬት ተምሶ ጠጠር ከተገኘ ጨዋታው አለ። ሰንጠረዥ ግን ጨርቅ፣ የተቀረጸ ጠጠርና የሰፋ ጊዜ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ከአዳራሹ ብዙ አልወጣም። ይህ ክብሩ ኋላ ሞቱ ሆነ።

በመስከረም 1928 ዓ.ም. የፋሺስት ጣልያን ጦር መረብን ተሻገረ። በሚቀጥሉት አምስት ዓመታት ሰንጠረዥ የኖረበት ዓለም ፈረሰ። ራስ ሙሉጌታ በማይጨው ጦርነት ሰሞን ወደቁ፤ የራስ ካሣ ልጆች እ.ኤ.አ. በ1936 መጨረሻ ተገደሉ፤ ራስ ደስታ በ1937 ተይዘው ተረሸኑ፤ ራስ እምሩ ወደ ጣልያን ደሴት ተጋዙ። በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ላይ በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ታረደ። መኰንን በእልፍኙ፣ ሎሌው በዙሪያው፣ ቀይ ጨርቅ በመካከል ተነጥፎ የሚውልበት ቤት በዚህ ጊዜ ተበተነ። ነፃነት በ1933 ዓ.ም. ሲመለስ የተመለሰው ሌላ ዓይነት ኑሮ ነበር፤ ደመወዝ የሚበላ ሹም፣ ትምህርት ቤት፣ ቢሮ፣ ቡና ቤት። ቼዝ የፈለገ ሰውም የሚያገኘው ከውጭ የመጣውን፣ ንግሥትና ጳጳስ ያለበትን ጨዋታ ነበር።

ሰንጠረዥን ከመረሳት ያዳነው ሪቻርድ ፓንክረስት ነው። ፓንክረስት በ1963 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም መሥራች ዳይሬክተር ነበር። በ1971 በተቋሙ መጽሔት ላይ የኢትዮጵያን ቼዝ ታሪክና ሕግ የሚዘረዝር ረጅም ጽሑፍ አወጣ፤ የሶልትን፣ የፕላውደንን፣ የኮኸንን ምስክርነት ሰብስቦ አንድ ላይ አነበበ። ተቋሙ የሚገኘው ንጉሠ ነገሥቱ በ1960ው መፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ማግሥት ለዩኒቨርሲቲ በሰጡት በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ ነው። የቤተ መንግሥት ጨዋታ ታሪኩ የተጻፈለት ከቤተ መንግሥትነት በወጣ ቤት ሆነ። ከሦስት ዓመት በኋላ አብዮቱ ፈነዳ፤ ራስና ደጃዝማች የሚባል ማዕረግም ቀረ።

በዚያው አሥርት ዓመት በሌላ አሮጌ አገር ነገሩ በተቃራኒው ሄደ። ቻይናም እንደ ኢትዮጵያ ከጥንት የመጣ የራሷ ቼዝ አላት፤ ሺያንግቺ ይባላል። በመካከሉ ወንዝ የሚያልፍበት ሰሌዳ፣ መድፍ የሚባል ጠጠርና ከግቢ የማይወጣ ንጉሥ አለው። ሺያንግቺ ግን የአደባባይ ጨዋታ ነው፤ ሽማግሌዎች በመናፈሻና በመንገድ ዳር ይጫወቱታል፤ መኳንንቱ ቢወድቁም እሱ አልወደቀም። በባህል አብዮት ወቅት በቻይና የታገደው ዓለም አቀፉ ቼዝ በ1974 እንደገና ተፈቀደ፤ አገሪቱም በቀጣዩ ዓመት የዓለም ቼዝ ፌዴሬሽን አባል ሆነች። በ1978 ቦነስ አይረስ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በቼዝ ኦሊምፒያድ ስትሰለፍ ሊዩ ዌንዥ የተባለ ተጫዋቿ ሆላንዳዊውን ግራንድ ማስተር ዶነርን በሃያ እርምጃ ረታ።

ከእሱ ቀጥላ የመጣችው ቻይናዊቷ ተጫዋች ሺዬ ጁን ናት። በ1970 ተወለደች፤ በስድስት ዓመቷ ሺያንግቺ ጀመረች፤ በአሥር ዓመቷ የቤጂንግ ልጃገረዶች ሻምፒዮን ሆነች፤ አሠልጣኞች ወደ ዓለም አቀፉ ቼዝ ያሸጋገሯት ከዚያ በኋላ ነው። በ1991 ማኒላ ላይ ከ1978 ጀምሮ ዘውዱን ይዛ የቆየችውን ጆርጂያዊት ማያ ቺቡርዳኒዜን 8½ ለ6½ አሸንፋ የዓለም የሴቶች ሻምፒዮን ሆነች፤ ከሶቪየት ኅብረት ውጭ ዘውዱ ሲሄድ ከአርባ ዓመት በኋላ የመጀመሪያው ነበር። በ1993 ናና ዮሴሊያኒን 8½ ለ2½ ረትታ ዘውዱን አስጠበቀች፤ በ1996 በሃንጋሪያዊቷ ሱዛን ፖልጋር ተሸነፈች፤ በ1999 ጋሊያሞቫን አሸንፋ መልሳ ያዘችው። የዓለሙን አጠቃላይ ዘውድ ወደ ቻይና ያመጣው ደግሞ ዲንግ ሊረን ነው፤ በ2023 አስታና ላይ ከሩሲያዊው ኔፖምኒያሺ ጋር በአሥራ አራት ጨዋታ 7 ለ7 ተለያይተው በፈጣን ጨዋታ አሸነፈ። በቀጣዩ ዓመት ሲንጋፖር ላይ ለአሥራ ስምንት ዓመቱ ሕንዳዊ ለጉኬሽ አስረከበ፤ ዘውዱም ጨዋታው ወደ ተወለደበት አገር ተመለሰ።

ሺዬ ጁን በልጅነቷ ያገኘችው ጨዋታ የሕዝብ ነበር፤ ሰንጠረዥ ግን አልነበረም። በኢትዮጵያ የዛሬው ተጫዋች ከሰንጠረዥ የወረሰው ልምምድ የለም፤ የሚማረው በዓለም አቀፉ ሕግ ነው፣ የሚወዳደረውም በሰዓት። የአሮጌው ጨዋታ ሕግ ግን በመጽሐፍ ተርፏልና መጫወት ለሚፈልግ ሰው ዕቃው አይቸግርም። ተራ የቼዝ ሰሌዳ ይበቃል፤ የጥቁሩ ንጉሥና ንግሥት ቦታ ይለዋወጣሉ፤ ንግሥቲቱ በሰያፍ አንድ ቤት፣ ጳጳሱ በሰያፍ ሁለት ቤት እየዘለለ ይሄዳል፤ ወታደሩ መጀመሪያም ቢሆን ከአንድ ቤት አያልፍም፤ ንጉሥና ግንብ ቦታ መለዋወጥም አይፈቀድም። የሰዓት መቁጠሪያው ይነሣል፤ በወረራ ጊዜ ተራ የለምና።